የሲስተር ዝናሽ አክሲዮን

ደሞዝተኛ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ትመሰክሩልኛላችሁ፤ ደሞዝ እንደ ቆቦ ጎርፍ ነው። ከተራራው እየተንደረደረ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ያስደነግጠናል፣ ከዚያ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። የራያ ገበሬ ብልህ ስለሆነ ጎርፉን መንገድ ላይ ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባዋል። እኛ ግን ዳር ቆመን “የዚህ ወርስ ደግሞ ቶሎ አለፈ” እንላለን። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ኬሚስትሪ ሳስተምር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ጎርፉን ስትጠልፍ ያየሁት ደሞዝተኛ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ሲስተር ዝናሽ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነበረች። የተወለደችው ከዋጃ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። ቆቦ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አጥር እንኳ ሳይለየን፣ ጎን ለጎን ቤት ተከራይተን ኖረናል። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህ እሷ ይበልጥ ቀስ ብላ ታወራለች ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ በዚያ የቆቦ ሙቀት ከረባት ያሰረ ሰው መጣና የመንግሥት ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰበ። ገና ሊቋቋም የታሰበ ባንክ አክሲዮን ሊሸጥልን ነው። ላቡን እየጠረገ ስለ ትርፍ ሲያወራ እኛም አብረነው አላበን። እኔ ዐሥር አክሲዮን ገዛሁ፤ ዝናሽም ዐሥር። የሒሳብ መምህሩ ሁሴን ወለድ ያለበትን ነገር አልነካም ብሎ ፍየል ገዛ። ሰዉ ግን እኛን “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እያለ ተረተብን። እውነትም ባንኩ ሥራ ጀምሮ እስኪያተርፍ ድረስ የሁሴን ፍየሎች ሁለቴ ወለዱ።

በኋላ ግን ትርፉ መጣ። የእኔ የመጀመሪያው ትርፍ ለፋሲካ ሙክት ሆነ። የሁለተኛው ዓመት ቴሌቪዥን፣ የሦስተኛው ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ ጣፋጭ ነገር ነበር። ዝናሽ በየዓመቱ ቅርንጫፉ ሄዳ ትርፏ ተመልሶ አክሲዮን እንዲገዛላት ቅጽ ሞልታ ትመለሳለች። በላዩም ከደሞዟ ትንሽ ትጨምርበታለች። ጫማዋ እንኳ ሦስቴ ተሰፍቷል። ለምን አንድ ጊዜ እንኳ እንደማትቀምሰው ስጠይቃት፣

“መምህር፣ እኔ ጥጃዋ አድጋ ላም እንድትሆን እየጠበቅሁ ነው። አንተ ጥጃ ትበላለህ” አለችኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን እኔም አውቀዋለሁ። ግን እንቁላል ጥብስም አለ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ተመልሶ ሲያልፍባት ባንኩ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ደሞዝ ቆመ። አንድ ነጋዴ የአክሲዮን ወረቀት በግማሽ ዋጋ እገዛለሁ እያለ ይዞር ጀመር። እኔ ሸጥሁለት፤ አልዋሽም፣ በዚያን ቀን እሱን የመረቅሁትን ያህል ማንንም መርቄ አላውቅም። የዝናሽ ወንድም ደግሞ ሽጪና እህል እንግዛ ብሎ እየተመላለሰ ለመናት። እሷ ቤት ለቤት እየዞረች እያዋለደች፣ በሚሰጧት ማሽላ እየኖረች፣ እምቢ አለች። ምክንያቷ ቀላል ነበር፤ ባንኩ የተዘጋው ቆቦ ነው፣ በሌላው አገር እየሠራ ነው አለች። እንደዚያ ስትል ልቧ የደነደነ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ ግን በየቀኑ ወረቀቷን አውጥታ እያየች ታለቅስ ነበር። ባንኩ ሊወድቅ ይችል ነበርና ዕድልም አግዟታል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

ባንኩ ሲከፈት ያልተከፈለው የዓመታት ትርፏ ተጠራቅሞ ጠበቃት። እሱንም አክሲዮን ገዛችበት።

ዐምና እናቷ የእማማ ታየች ዓይን ደከመ። በዚያው ሰሞን ለዝናሽ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ አዋላጅ የሌለው ሩቅ ጣቢያ ነው የተመደበችው። ኀላፊዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እዚያም እናቶች አሉ አላት። እውነቱን ነው። እሷም ሁለት ቀን አሰበችና መልቀቂያዋን ጻፈች። ጡረታዋ ገና ስንት ዓመት ይቀረዋል! ኀላፊው ተናዳ ነው ብሎ ወረቀቱን ሊመልስላት ሞከረ።

“እንዴ ሲስተር፣ ምን በልተሽ ልትኖሪ ነው?”

“ትርፌን” አለችው።

በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጹን አልሞላችም። ገንዘቡን ወስዳ እናቷ ቤት ገባች። ሀብታም አይደለችም፤ ግን እህሉ ከእናቷ ማሳ ነው፣ የቤት ኪራይ የለም፣ የሚበቃት ደግሞ ስንት እንደሆነ ከማናችንም በላይ ታውቃለች።

በቀደም ቅዳሜ ልጠይቃት በሚኒባስ ዋጃ ወርጄ፣ ከዚያ ባጃጅ ይዤ ሄድሁ። ረፋድ ላይ ነው። ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች። ሰዓቷን አላሰረችም። ወፍረሻል ስላት ሳቀች፤ የሚጠራት ሰው ስለሌለ እንቅልፍ ጠግባ እንደሆነ ነገረችኝ። የምንበላውን ልታቀርብ ቤት ስትገባ እማማ ታየች እጄን ፈልገው ያዙ።

“አስተማሪው ነህ?” አሉኝ በሹክሹክታ።

“አዎ፣ እማማ።”

“ልጄ ምን አጥፍታ ነው ያባረሯት? እኔን ደብቃኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ አፍሬ ሞትሁ።”

እንዳልተባረረች፣ ባንኩ ውስጥ ድርሻ እንዳላት፣ ድርሻው በየዓመቱ እንደሚወልድ፣ የወለደውም መልሶ እንደሚወልድ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር፣ እንደዚያ ቀን ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ስጨርስ እጄን ጠበቅ አደረጉት።

“ይሁን ልጄ። ብቻ አንተ ደሞዝ ያለህ፣ የምትከበር ሰው ነህ። ሂድና ለምንልኝ፣ ይመልሷት።”

ወደ ቤቱ አየሁ፤ ዝናሽ ለራሷ እያንጎራጎረች ሰሐን ታጥባለች።

“እሺ እማማ፣ እለምናለሁ” አልኋቸው፤ መረቁኝም። ሰኞ ጠዋት የመምህራን መዝገብ ላይ ፊርማ ሳይዘጋብኝ እየሮጥሁ ሳለ፣ ያ የክብር ሰው እኔ እንደሆንሁ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።