ድንጋይ የማረኩት ካፒቴን

ሹመቱ ባነሰ ቁጥር ድምፁ የሚጎላ ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ለእኛ፣ በእንግሊዝ አገር ለፋልማውዝ ወደብ መርከበኞች፣ የደረሱን ክቡር ካፒቴን ጄጎ ትሬሜይን ነበሩ። ንጉሡ የሰጧቸው መርከብ "ድንቢጥ" ትባላለች፤ ባለ አንድ ምሰሶ፣ ስምንት ትንንሽ መድፍ የታጠቀች፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ። ፊተኛው ጫፍ ላይ ያለ ሰው ቢያስነጥስ መሪ የምይዘው እኔ ከኋላ "ይማርህ" እለዋለሁ።

ካፒቴናችን ሸራ ካዩ አለቀ! "ተከተል!" ነው። አንዴ ዓሣ አጥማጆች አስቁመው፣ "በንጉሡ ስም! ምን ጭናችኋል?" ብለው አንባረቁ።

"ዓሣ ነዋ!" አለ አንዱ ሽማግሌ። "ቤተ ክርስቲያን እንጭን ኖሯል?"

ሌላ ቀን በጉም ውስጥ አንድ ቋጥኝ እጁን እንዲሰጥ ሲያዝዙት አረፈዱ። ዝም ሲላቸው "ኩራተኛ ነው" አሉ።

በድንቢጥ ሰባተኛ ዓመት ግን አንድ የፈረንሳይ ወራሪ መርከብ የሰፈራችንን አጥማጆች ከነጀልባቸው እየጎተተ ሲሄድ ደረስንበት። ጉሙ ወፍራም ነበር።

"ጌታዬ፣ መድፉ የእኛን እጥፍ ነው" አልኩ።

"ዲጎሪ፣ ቁጠር አልኩህ? ንዳ!"

የመጀመሪያው ተኩስ ሸራችንን ቀደደው፤ የካፒቴኑ ትከሻ ደም በደም ሆነ። እሳቸው ግን የመጮኺያውን ቀንድ አንስተው፣ ከኋላችን ወዳለው ባዶ ጉም ዞሩ። "ሁለተኛው መርከብ፣ በግራ ክበበው! ሦስተኛው፣ በቀኝ! ማንም አይተኩስ፣ በሕይወት እፈልገዋለሁ!"

ፈረንሳዩ ጉሙን አየ፣ እኛን አየ፣ መጎተቻውን ገመድ በጥሶ ፈረጠጠ! አጥማጆቹን እያቀፍን ስናወጣቸው ግማሻችን እንስቃለን፣ ግማሻችን እናለቅሳለን። ካፒቴኑ ምሰሶውን ተደግፈው የሚወጣውን ሰው ይቆጥሩ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ድንቢጥ ጎኗ በስብሶ ለማገዶ ተሸጠች። ለእሳቸው ሌላ መርከብ አልተገኘላቸውም። እኔ ግን ሰባ አራት መድፍ ያላት መርከብ ላይ መሪ ያዥ እንድሆን ተጠርቼ ጓዜን ጫንኩ። ልሰናበታቸው ብሄድ አንዲት አሮጌ የዓሣ ጀልባ ሬንጅ ሲቀቡ አገኘኋቸው።

"ሠራተኛ አለዎት ጌታዬ?"

"አንድ ጎበዝ እየጠበቅሁ ነው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ጓዜን ከትልቋ መርከብ አወረድኩ። በማግስቱ ጠዋት ከወደቡ ስንወጣ ጀልባዋን እያናወጡ ብድግ አሉና ዙሪያቸውን ቃኙ።

"ሁሉም ሰው ተገኝቷል?"

"ሁሉም ተገኝቷል ጌታዬ!" አልኩና መቅዘፊያውን ሳብኩ።