አባቴን በፎቶ የገደልኩ ዕለት

ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ሲቆም ነው ያላችሁ ማነው? ሐኪም ይሆናል። ሐኪም ደግሞ የእኛ ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ የለም! እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው ፎቶው ግሩፕ ላይ የወጣ ቀን ነው። ድሮ ጎንደር ሳለን መርዶ የሚነግሩት ሽማግሎች ነበሩ፤ ጎህ ሳይቀድ መጥተው፣ ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው... ዛሬ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ከሁለት የተጋጠሙ እጆች ምልክት ጋር ብቅ ካለ በቃ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ መውጣት ነው።

ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ አባቴን የገደልኩት።

አባቴ፣ አባ መንገሻ፣ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ መሃል፣ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት ነኝ፤ በመኪና አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ግን... ፋብሪካ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ምክንያት መች ይጠፋል? "መቼ ትመጫለሽ?" ሲሉኝ "በዚህ ሳምንት፣ አባ" እላለሁ። የትኛው ሳምንት እንደሆነ አይጠይቁኝም እንጂ!

አንድ ዓርብ ለአረጋውያን የሚሰጠውን የስልክ አጠቃቀም ኮርስ ጨርሰው፣ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው የተነሱትን ፎቶ ላኩልኝ። ነጭ በነጭ ለብሰው! ኮራሁና ለዘመድ ግሩፕ ልለጥፈው አልኩ። ፊታቸው ጎላ እንዲል ዳር ዳሩን ቆረጥኩት፤ የምስክር ወረቀቱም አብሮ ተቆረጠ። ተመስገን ለማለት ሁለት የተጋጠሙ እጆች ጨምሬ ላክሁት። "እንኳን ደስ አለዎት" ብዬ ላስከትል ስል ባሌ ደሳለኝ ጮኸ።

"አንቺ ሴት፣ ሻማው! ሰንበት ሊገባ ነው!"

ደሳለኝ በሰንበት ቀልድ አያውቅም፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነካም። ስልኬን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣውማ ሌላ ከተማ፣ አስቀሎን ደርሶ ያድራል።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ወጥቶ፣ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ስልኬን ከፈትኩ። "እግዜር ያጥናሽ።" "ወይኔ፣ አባ መንገሻን የመሰለ ሰው!" አንዷ ዘመዴ በድምፅ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አልቅሳ፣ መጨረሻ ላይ "ለመሆኑ መኪና ማቆሚያ አለ?" ብላለች።

አሁን እናንተ ልትስቁ ነው። እኔ ግን... አመንኩ! ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ፤ እኔ የላክሁትን ፎቶ በአንድ ቀን ረስቼ፣ ሳልታዘል አመንኩ። ይህን ሁሉ ሰው ምን ያዋሸዋል? መደወል እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ለሞተ ሰው ይደወላል እንዴ? መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "በዚህ ሳምንት ብዬዎት ነበር እኮ፣ አባ!"

ሕንፃው ሥር ዘመድ እኔን እየጠበቀ ተሰብስቧል። ከሁሉም አስበልጬ ደረቴን እየደቃሁ ሳለቅስ በሩ ተከፈተ። አባቴ! ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው... የጎረቤት ለቅሶ መስሏቸው ሊያስተዛዝኑ መውረዳቸው ነው።

"እኔን! እኔን! ማን አርፎ ነው፣ ልጄ?"

"እርስዎ!" አልኩ።

ታላቅ እህታቸው፣ አክስቴ ዘውዴ፣ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "መንገሻ፣ ግሩፑ ላይ አይቼ እኮ ነው!"

"እኔ ስልኬን ገና አልከፈትኩም። መስታወት ላይ ግን አሁን አይቼ ነው የወጣሁ፤ አለሁ።"

"ታዲያ ማን ነው የለጠፈው?" አክስቴ ስልካቸውን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ሁሉም አየኝ። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ!

አባቴ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አስተካክለው "ከመጣችሁ አይቀር ግቡ" አሉ። ለለቅሶ የመጣው ምግብ ተበላ፤ ያች ጠባብ ቤት መቀመጫ አጣች።

"ስሞት እንዲህ ከሆነ የምትመጡት፣ አለመሞቴ ነዋ የጎዳኝ!" ብለው ሳቁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። "ከእንግዲህ በየሳምንቱ፣ አባ" አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሄድኩ። በአራተኛው ፋብሪካ ሥራ በዛ፤ በአምስተኛው የልጆች ትምህርት ቤት ስብሰባ... ታውቁት የለ! ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ግሩፑ ላይ የአባቴ ፎቶ፤ ነጭ በነጭ፤ ዳር ዳሩ ተቆርጧል። ከሥሩ ሁለት የተጋጠሙ እጆች። የላኩት ራሳቸው፣ አባ መንገሻ!

ለካ ያን ኮርስ በደንብ ነው የተማሩት። አለመሞታቸውን እያወቅኩ፣ ከሥራ ተነሥቼ በረርኩ። ብደርስ መኪና ማቆሚያው በዘመድ መኪና ሞልቷል።