ስለ ንጽህና የተደረገ ንግግር

ስለ ንጽህና ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እንደ ዳይሬክተር ቶኩማሩ ያማረለት ግን የለም። ወደ ፋብሪካው የሚገባ ሰው ሁሉ የሚታጠብበት ክፍል በር ጠባቂ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፋብሪካችን በብረት ጋኖች ሻጋታ ያሳድግ ነበር። ሻጋታው ስኳር እየበላ፣ በሕፃናት ወተት ላይ የሚጨመረውን፣ ለአንጎል የሚበጀውን የቅባት አሲድ ያከማቻል። አንድ ጋን ተበላሸብን። ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ጋን ከተበላሸ ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንዳይበላሽም ዳይሬክተሩን ላከልን፤ የሻጋታውን ዘር በገዛ እጃቸው እንዲጨምሩ ተወሰነ።

የእኔ ሥራ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ዛሬ ናቶ በልተዋል?» ናቶ እኛ ጃፓኖች ለቁርስ የምንበላው፣ ተብላልቶ የሚሠራ ልጋጋም አኩሪ አተር ነው። እሱን የሚያብላላው ተህዋሲ ከሰው ጋር ከገባ ሻጋታችንን ይፈጀዋል። ስለዚህ ናቶ የበላ ያን ቀን አይገባም። የፋብሪካውን ኃላፊ ኩሮዙሚ ሳንን («ሳን» ለወንድም ለሴትም የምንለው የአክብሮት ቃል ነው) እንኳ መልሼ አውቃለሁ።

ዳይሬክተሩ ሲደርሱ ኩሮዙሚ ሳን ጠጋ አለኝ።

«አባባ፣ እሳቸውን እንዳይጠይቋቸው። ነውር ነው።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ደህና አደሩ ይበሉ፣ በቃ!»

«ደህና አደሩ ጌታዬ» አልኳቸው ዳይሬክተሩን።

«እጅግ ደህና! ሆቴሉ ናቶ አቅርቦልኝ ደግሜ በላሁ!»

ክራባታቸው ላይ ቀጭን የናቶ ልጋግ ክር ይወዛወዛል። ሁላችንም ጎንበስ ብለን እጅ ነሣን። ጎንበስ ያለ ሰው ምንም አይታየውም፤ የዚህ ልማድ ጥቅሙ ይኸው ነው።

የጋኑ ተቆጣጣሪ ኢሶቤ ሳን የኩሮዙሚን እጅጌ ሳበች።

«አለቃ፣ ይሄ ጋን ከሄደ ሁላችንም ሄድን እኮ!»

«መች ጠፋኝ!»

«ይንገሯቸው እንጂ!»

«አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ ማን ሆኜ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ለዳይሬክተሩ ንጹሕ ጫማ እያቀረብኩ ነበር።

ዳይሬክተሩ በተከፈተው የዘር ጠርሙስ ላይ አጎንብሰው ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። «ጠላታችን በዓይን አይታይም! በር ላይ የቆመ ሰው ፊት አይቶ ለማንም አያዳላ!» እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። እሳቸውም ዘሩን በገዛ እጃቸው ጋኑ ውስጥ ጨመሩት።

ብዙም ሳይቆይ ጋኑ ናቶ ናቶ ሸተተ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ የጥፋቱን ምክንያት ደረሰበት፦ ሠራተኞቹ ንግግሩን በሚገባ አልተረዱም።

ዳይሬክተሩ ከልብ አዘኑ። ፋብሪካው በተዘጋ ዕለት ለያንዳንዳችን የናቶ ስጦታ ላኩ። ኢሶቤ ሳን የእኔን ድርሻ አምጥታ ከበሩ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይብሉ እንጂ አባባ። ከእንግዲህ የሚጠይቅም የሚጠየቅም የለም።»

በላሁ። ዳይሬክተሩ እውነታቸውን ነው፤ ተደግሞ የሚበላ ነው።