የአደይ ለተብርሃን ባክቴሪያዎች አየር ሲያገኙ

አየር ለፍጥረት ሁሉ ይጠቅማል የሚል ሰው ላቦራቶሪ ገብቶ አያውቅም! አየር የሚገድላቸው ጉደኛ ባክቴሪያዎች አሉላችሁ። ሰውነት ውስጥ ተሸሽገው መንጋጋ ያሳብጣሉ፤ ነፋስ ሲነካቸው ክልትው! እመኑኝ፣ መቀሌ ውስጥ የምኖረው እነሱን እየለየሁ ነው።

የአማቴ የአደይ ለተብርሃን መንጋጋ ከጥርስ ሕመም ተነስቶ ድቡልቡል አለ። የታዘዘላቸው መድኃኒት ምንም አልፈየደላቸውም። ትኩሳቱ ሲብስ ባለቤቴ ትርሓስ ማልቀስ ጀመረች። ሐኪሙ መግሉን በመርፌ ስቦ ወደኛ ላቦራቶሪ ላከው። እኔም ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አሽጌ፣ አየሩን የሚመጥ ከረጢት ጨምሬ፣ እንዲያድግ ሙቀት ማቆያው ውስጥ አስቀመጥኩት። የባክቴሪያውን ማንነት የሚለየው ኪት ደግሞ አንድ ብቻ ቀርቶናል...

በማግስቱ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? አደይ ለሐኪም ቀጠሯቸው መጥተው፣ ላቦራቶሪው ድረስ ዘልቀው፣ ፊታቸውን በነጠላ እንዳሰሩ፣ በአንድ እጃቸው ዕቃውን፣ በሌላው ክዳኑን ይዘው ቆመዋል!

«አደይ! ምን አደረጉ?»

«ስሜ ተጽፎበታል፣ ወደይ፣ ልጄ። የኔ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው፤ ግን...»

«ታፍነው ሳይ አሳዘኑኝ። ትንሽ ይተንፍሱ ብዬ ነው።»

«ሲተነፍሱ ይሞታሉ እኮ!»

ፊታቸው በራ። «ሞቱ? እሰይ! ዳንኩ ማለት ነዋ!»

መንጋጋቸው ውስጥ ያሉት ገና አለመሞታቸውንና ሌላ መርፌ እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው «ወይለይ!» አሉ። ትርሓስም ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ይመስል አኮረፈችኝ።

ሁለተኛውን ናሙና ዘበኛ ሆኜ ጠበቅሁት። ሲያድግ ኪቱን አወጣሁ። ትንንሽ ጉድጓዶች ያሉት ፕላስቲክ ነው፤ ባክቴሪያውን በየጉድጓዱ ስትጨምሩ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ ይሆናል፤ ቀለሞቹ ተደማምረው ማንነቱን ያጋልጣሉ። ቢበላሽ ምትክ የለኝምና እያንዳንዱን ጉድጓድ ሁለቴ እያየሁ አነበብኩ... ተያዘ! ሐኪሙም መድኃኒቱን ቀየረ።

እብጠቱ ሟሸሸ፤ የአደይ አፍ እንደ ልብ ተከፈተ። ሓድነት ሰፈር ያለው ቤታቸው ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ እኔ መክሳት... ትንፋሽ ሳይወስዱ ወረዱበት። ባለቤታቸው አቦይ ሐጎስ እስከ በር ሸኙኝና ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ወደይ፣ እግዚኣብሄር ይሃብካ፣ ይስጥህ። ግን ያ መድኃኒት... ግማሹን ብቻ ብንሰጣት አይበቃም ነበር?»