ባለ ሣጥኑ ክቡር አማካሪ

ቤት የገዛ ሰው ሁሉ ቤቱን ብቻ የገዛ ይመስለዋል። ሞኝ! ደላላው ትንፍሽ ሳይል ከግቢው ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ አማካሪ አለ። የትኛውም ሰፈር ቢገቡ አያጡትም። እጁ አካፋ አይነካም፤ አፉ ግን ሲቆፍር ይውላል።

የእኔው ክቡር አማካሪ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ከአጥሩ በላይ የሚታዩኝ ከአገጫቸው ወደ ላይ ብቻ ነው። ከወዲያ በኩል የለስላሳ ሣጥን ሲጎተት ከሰማሁ ጉባኤው ተከፈተ ማለት ነው። መክፈቻውም ሁልጊዜ “እኔ ብሆን ኖሮ” ነው።

እውነቱን ለመናገር ግቢው ከምክር ይልቅ ጸሎት ያስፈልገው ነበር። ቤቱ ለዓመታት ተዘግቶ ስለቆየ አረሙ መስኮቱን አልፏል፤ ሐረጉ የውኃ ቧንቧውን አንቆታል። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። ብቻዋን የምትኖረው እናቴ ከእኛ ጋር እንድትኖር ስንለምናት ከርመን በስንት መከራ እሺ ብላናለች።

“ፀሐይ የምሞቅበት ደጅ ካለ እመጣለሁ” ነው ያለችው። “ክፍል ውስጥ ልትዘጉብኝ ከሆነ ግን እዚሁ ይሻለኛል።” ጉልበቷን ስለሚያማት መንገዱም ደልደል ማለት አለበት።

ማጭድ ይዤ ገባሁ። “እኔ ብሆን ኖሮ በማጭድ አልጀምርም” አሉ ክቡርነታቸው ከላይ። ዶማ አመጣሁ። “ደንዟል።” ሳልኩት። “ኧረ እንደዚህ አይሳልም!”

ትልቁ ጥፋት የደረሰው በሰርዶው ነው። ሥሩን ለቅሜ ልጥል ስል “እኔ ብሆን ኖሮ ከትክቼ እዚያው እቀብረው ነበር፤ ማዳበሪያ ይሆናል” አሉ። ታዘዝኩ። ለካ ሰርዶ ሲከተከት አይሞትም፣ ይባዛል! ዝናብ ጣል እንዳደረገ እያንዳንዷ ቁራጭ ራሷን ችላ፣ ቤተሰብ መሥርታ ጠበቀችኝ። ክቡርነታቸው ምንጣፍ የመሰለውን አረንጓዴ ቃኙና “ብዬ ነበር እኮ” አሉ። ሚስቴ “አጥሩን ከፍ እናድርገው” ማለት የጀመረችው ያን ቀን ነው። አልፈረድኩባትም።

“ጋሼ፣ ታዲያ ይምጡና ያሳዩኛ!” አልኳቸው አንዴ ንድድ ብሎኝ።

“ወገቤ እኮ ነው፣ ልጄ” ብለው ተሰወሩ።

በማግስቱ ሣጥኑ አልተጎተተም። ሰላም አገኘሁ ብዬ መቆፈር ጀመርኩ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሁለት ዶማ መትቼ አንዴ ቀና፣ ሁለት መትቼ አንዴ ቀና። ሥራው አልገፋ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ከሐኪም ቤት ተመልሰው “እኔ ብሆን ኖሮ ከወዲያኛው ጥግ ነበር የምጀምረው” ሲሉኝ፣ ደስ አለኝ። ለሚስቴ ግን አልነገርኳትም።

እናቴ መጣች። ድንጋይ ባነጠፍኩበት መንገድ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች ሄዳ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች። “እሰይ፣ እዚህስ እኖራለሁ” አለች። እንባዬ መጣ። ይሄኔ ሣጥኑ ተጎተተ።

“እኔ ብሆን ኖሮ ወንበሩን ወደ ግራ ጠጋ አደርገው ነበር።”

እናቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። “እኔ ብሆን ኖሮ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እዚያ ተንጠልጥዬ ከምጮህ በበሩ ዞሬ እመጣ ነበር።”

የክቡርነታቸው አገጭ ከአጥሩ በታች ወረደ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ሸሚዝ ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጥተዋል። ከአገጫቸው በታችም ሰው መሆናቸውን ያኔ አረጋገጥኩ። እናቴ አጠገብ ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ።

“ስንት ዓመት ሙሉ ሣጥኑ ላይ ስወጣ የሚታየኝ አረም ብቻ ነበር” አሉ። ቀጥለውም አጥሩን በእኛ በኩል ሆነው መረመሩት። “እኔ ብሆን ኖሮ ይሄን ከፍ አደርገው ነበር። ኧረ ሰው ያያችኋል!”

ቀና ብዬ ሚስቴን አየኋት።

“አይ ጋሼ” አለች ቀድማኝ፣ “እንዲሁ ይሁንልን።”

ከምክራቸው ሁሉ አንቀበልም ያልነው ይህንን ብቻ ነው።