ድንኳን ሰባሪው ድንኳን ሲተክሉ

ድንኳን ሰባሪ የሌለበት ቤተሰብ የለም። እኛ ዘንድስ የለም የሚል ካለ፣ ድንኳን ሰባሪው ራሱ ነው። ሳይጠራ የሚሄድ፣ ሳይጋበዝ የሚቀመጥ፣ ከደጋሹ ቀድሞ "ጨምሩለት እንጂ" ብሎ አስተናጋጅ የሚያዝ ሰው በየዘመዱ አንድ አንድ ተመድቧል። ለአንዲት ፋርማሲስት ቤተሰብ የደረሱት የታላቅ እህቷ ባል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሬዲዮ ሠሪ፣ በቤተሰቡ አጠራር "ክቡርነታቸው"።

በዚህ በጋ እሷና ባሏ ክቡርነታቸውን ይዘው፣ ሜዳ ላይ እያደሩ ኮረብታ ላይ የተሠሩትን ትንንሽ ከተሞች ሊያዩ ወጡ። ለባሏ ሽርሽር ነበር። ለእሷ ግን ፈተና ነው፤ ተፈታኙ ባያውቁትም። እህቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም፣ እሷም ጥቁሯን አላወለቀችም። ክቡርነታቸው ግን ከቀብሩ ወዲህ የሚስታቸውን ስም አንድ ቀን አላነሱም። እንባቸውን ያየ የለም። ጉንጫቸው እንዲያውም ሞላ ብሏል።

"ከዚህ ጉዞ እስክንመለስ ስለ እሷ አንዲት ቃል ካልወጣቸው ደጃቸውን አልረግጥም" አለች ለባሏ። "እህቴን ከረሳ ሰው ጋር ምን ዝምድና አለኝ?"

የመጀመሪያው ከተማ እንደደረሱ ክቡርነታቸው ዳቦ ቤት ገቡ። ሰው እንደሚገባው አይደለም፤ መደርደሪያውን አልፈው ምድጃው ሥር ተገኙ። "ለቅምሻ ያህል ነው" አሉ፤ ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው። ትኩሱን ዳቦ ከሁለት ገመሱ፣ አሸተቱ፣ ከዚያ ግማሹን ለጋጋሪው ዘረጉለት። ሰውየውን በገዛ ዳቦው ጋበዙት። እሱም ከድንጋጤው የተነሳ "አመሰግናለሁ" ብሎ ተቀበለ። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ሁለተኛው ከተማ ባሰ። በድንጋይ ደረጃዎቹ ሲወጡ የጥብስ ሽታ መጣና ክቡርነታቸው ከመሃል ጠፉ። ቢፈለጉ፣ ቢፈለጉ፣ አንድ የሰርግ ግቢ ውስጥ በሁለቱ ሙሽሮች እናቶች መካከል ተቀምጠው ተገኙ። አጎት መሳይ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው።

"ይቅርታ አባት፣ በማን በኩል ነው የመጡት? በሙሽራው ነው በሙሽሪት?"

"በሆዴ በኩል" አሉ።

ሰውየው ሳቀ፤ ጨመሩላቸው። የሙሽራው እናት እንዲያውም ወንበራቸውን አስጠጉላቸው። ፋርማሲስቷ ከአጥሩ ውጭ ፊቷ ደም መስሏል።

"ጋሼ፣ በፈጠርዎት ይነሱ።"

"ነይ ግቢ ልጄ። አይቡን ቅመሺው፣ ለቅምሻ ያህል።"

በሦስተኛው ከተማ ግርጌ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ድንኳናቸውን ተከሉ። ድንኳኑን ያመጡት ክቡርነታቸው ናቸው። ከሰርግና ከለቅሶ ዕቃ አከራይ ወዳጃቸው የተዋሱት ነጭ ድንኳን ነው፤ ሦስት ሰው ቀርቶ አንድ ሰፈር ያስጠልላል። ፋርማሲስቷ በሆዷ ያስቀመጠችውን ሁሉ እዚያ አወጣችው።

"ጋሼ፣ እግዜር ሆድ ሰጥቶ አንጀት ነስቶዎታል። እትዬን ነፍሷን ይማር ሲሉ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።"

ክቡርነታቸው ድንች እየላጡ ነበር። መላጡን ቀጠሉ። እሷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ አንገቷን ደፋች። ባሏም ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ተከዘ።

እንግዲህ ነጭ ድንኳን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የተከዘ ወንድ። ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ይህን አይቶ ሌላ ምን ሊያስብ? ወሬው ዳገቱን ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሴቶች ተከታትለው ወረዱ፤ ከፊት አንዲት አሮጊት፣ ከኋላ ትልቅ ድስት ሾርባ የተሸከሙ ወፍራም ሴትዮ። "እግዜር ያጥናችሁ" እያሉ ገቡና ዙሪያውን ተቀመጡ።

"ማን ሞቶባችሁ ነው ልጆቼ?" አሉ አሮጊቷ።

ፋርማሲስቷ ክው አለች። "ኧረ እኛስ ለሽርሽር..." ልትል ስትጀምር ክቡርነታቸው ቀደሟት። ዓይናቸው ድስቱ ላይ ነበር።

"ሚስቴ" አሉ።

ለአንድ ድስት ሾርባ እህቷን ሸጧት። ውሸታም ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አጣችው።

"ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" አሉ አሮጊቷ።

"ምግብ የምትወድ ሰው። ኋላ ሐኪም ሁሉንም ከለከላት። ጨው የለም፣ ቅባት የለም፣ ስኳር የለም። 'በቃ የእኔን ድርሻ አንተ ብላልኝ፤ ስትመጣ ትነግረኛለህ' አለችኝ። ሰርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ ያልገባሁበት የለም። ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሬ እነግራታለሁ። ጨው አንሶታል ካልኳት፣ 'እንግዲያማ አልጠገብክም' ብላ ትስቅብኛለች።" ዓይናቸውን ከድስቱ ላይ አነሱ። "ዛሬም እበላለሁ። በልቼ ስገባ ግን 'ምን ነበር?' የሚለኝ የለም።"

የእህቷን መድኃኒት ሁሉ በእጇ ያቀበለች ፋርማሲስቷ ናት። የተከለከለውንም አንድ በአንድ ያስጠናቻት እሷው ናት። በር ላይ ስለሚወራው ግን እህቷ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላላት አታውቅም።

ሾርባው ተቀዳ። ክቡርነታቸው አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን መልሰው አስቀመጡት። እንባቸው አፍንጫቸውን ተከትሎ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ፋርማሲስቷ ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እንዴት ነው?" አለች።

ቀና ብለው ትንሽ አዩአት።

"ጨው አንሶታል።"

"እንግዲያማ አልጠገብክም" አለቻቸው፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትላቸው የኖረችው ሴት። ሳህኑን ከእጃቸው ተቀብላም ጨመረችላቸው።

ሾርባውን ያመጡት ሴትዮ ግን ተቀይመው፣ "ምን ሲደረግ ጨው ያንሰዋል" ብለው እያጉረመረሙ፣ ጨው ሊያመጡ ዳገቱን ወጡ።