ወደቡ ላይ ያለው ሱቅና የጫማዬ ክር

የዛሬ ወጪዬ፦ አንድ ሱቅ፣ ከሱቁ በላይ ያለ አንድ ቤት፣ ፓርኪንግ፣ እና የአስቴር ኩርፊያ (ገና አልተተመነም)።

አዎ፣ እኔው ነኝ! ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባልትና የምሸጥላችሁ፣ «በዋጋ ማንም አያታልለኝም» እያልኩ የማደነቁራችሁ ሰውዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደቡ ጋ፣ ድሮ የዛገ መጋዘን ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ሰፈር ተሠርቷል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። «ሚክስድ ዩዝ» ይሉታል።

በእኛ ቋንቋ ስፕሪስ ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልስቅባቸው ነበር የሄድኩት። ሱቅና ቤት አንድ ላይ መሆኑን ትናንት ነው እንዴ የፈለሰፉት? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሱቁ ጓዳ ነው ያደረው። «ሰስቴነብል ነው፣ ለአካባቢ ይበጃል» ያለው ግን አልነበረም!

ከዚያ ገባሁ።

ወገን፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የድሮውን መጋዘን እንጨት አልጣሉትም። ኮርኒስ ሆኗል፤ የምስማሩ ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ኤሲ የሚባል ነገር የለም፤ የባሕሩ ቅዝቃዜ በቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ይዞራል። እጄን ሳስደግፍ ውሃ የሞላ እንስራ የነካሁ መሰለኝ። ሰው የታጠበበት ውሃ ተጣርቶ ጣራው ላይ ጎመን ያጠጣል።

ጎመን! ስድስተኛ ፎቅ ላይ!

በመስኮቱ ደግሞ ቤት የሚያክል መርከብ ኮሽ ሳይል ያልፋል። ቤት አልኩ? ሰፈር የሚያክል።

አንዲት ሴትዮ በነጠላ ጫማ ከሊፍት ወርዳ፣ ዳቦ ገዝታ፣ ተመልሳ ወጣች። ድራይቭ አላደረገች፣ ፓርክ አላደረገች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ!

አብራኝ የመጣችው አስቴር ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። አስቴር ሚስቴ ናት። ዌስትውድ ሰፈር ሄዳ አዛውንት ትንከባከባለች፤ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ትዳራችን ባብዛኛው ቴክስት ነው።

«እዚህ ብንሆን» አለችኝ፣ «ምሳ ሲደርስ ከላይ ሆኜ እጠራሃለሁ።»

ሌላም አላስፈለገም።

የምታከራየው ልጅ ታብሌቷን እያየች «የቀረው ይሄ የማዕዘኑ ሱቅ ብቻ ነው፣ ከነቤቱ። ይፈልጉታል?» አለችኝ። ዋጋውንም ነገረችኝ።

ዋጋው ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ!

ችግሩም እሱ ነው። ጥሩ ዋጋ ሲነግሩኝ «ከዚህም ይወርዳል» የሚል ነገር ውስጤ ይነሳል። ፊቴን ቋጠር አድርጌ «ኦው፣ ቱ ማች» አልኩና ዞርኩ።

መርካቶ የነገደ ያውቀዋል። ዞረህ ትሄዳለህ፣ ግን ቀስ ብለህ። ብዙ ሳትርቅ «ና እንጂ ወንድሜ፣ አንተስ ስንት ትላለህ?» ይሉሃል።

«ወዴት ነው?» አለች አስቴር በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ። ትጠራናለች።»

«ማን?»

«ልጅቷ ነቻ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ፈረንጅ ይጠራል እንዴ?»

በሩ ጋ ደረስን። ዝም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ዝም። ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

ያኔ ከኋላዬ «ኤክስኪውዝ ሚ!» የሚል ድምፅ!

አስቴርን በዓይኔ ጠቀስኳት። አየሽ?

ልጅቷ አጠገባችን ደረሰች። አለፈችንም። በሩ ጋ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፣ እጁ ግሪስ በግሪስ የሆነ። «ይፈልጉታል?» አለችው።

«የስ» አለ።

በቃ። የስ! ይሄም ንግድ ነው?

ሮጬ ደረስኩባት። «ኔጎሺየት እያደረግኩ ነበር እኮ፣ ካልቸራችን ነው!» አልኳት። ምስኪን፣ ከልቧ አዘነችልኝ። «ቱ ማች ብለው ሲሄዱ የሄዱ መስሎኝ» አለች።

የምትመልሱላት ነገር ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ስንመለስ አስቴር ፍሪዌዩን ሙሉ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ፒኮ መንገድ ጋ ስንደርስ፣ ወደ ውጪ እያየች፣ «እኔንም ያገኘኸኝ» አለች፣ «ቤተሰቦቼ ዋጋ ስላልጠሩ ነው።»

ቀሪ ሒሳብ፦ ሱቅ የለም። ቤት የለም። የጠራን ሰው የለም። የጫማዬ ክር በደንብ ታስሯል።